በጨው በር የወጣው ቁጥር

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ከጂቡቲ የተመለሱት መኪኖች ሎጊያ ላይ ጥላ ጥላውን ይዘው በቆሙበት ሰዓት፣ በሐጂ መሀመድአሚን ማረፊያ ቤት የምግብ አዳራሽ ውስጥ አራት ወጣቶች ጠረጴዛ ከበው ስለ አንድ ኖሮ ስለማያውቅ ሰው ነፍስ ይጨነቁ ነበር።

ሰውዬው ሙራድ ይባላል፤ የሲራራ መሪ ነው። ጨው እንደ ወርቅ በሚወደድበት ምድረ በዳ፣ ውኃ የጠማቸውን ሰዎች ከኋላው አስከትሎ ጂኒዎች ወደሚጠብቁት የጨው በር ሲጓዝ ወራት አልፈውታል። ከበሩ ወዲያ ለምለም ከተማ አለ ይባላል። ዛሬ ግን ሙራድ ከገደል አፋፍ በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል።

ጨዋታውን ወደ ሰመራ ያመጣው ምስክር ነው። የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ሕጉን አዲስ አበባ ካለ ጓደኛው ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ይዞ መጣ። ጨዋታው ሰሌዳም ጠጠርም የለውም። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሚለየው በዕጣ ነው። ለዕጣው የሚያስፈልገው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ሎጊያ ገበያ ላይ ስለማይገኝ፣ ማረፊያ ቤቱን የሚያስተዳድረው አማን የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቦ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፈባቸውና በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተታቸው። ትልቅ ቁጥር የወጣለት ያሰበው ይሰምርለታል፤ ትንሽ የወጣለት ይወድቃል። አንድ ከወጣ አለቀ፣ ይግባኝ የለውም።

የጨው በርን ታሪክ ከራሷ ፈጥራ የምትመራው ፋሪሃ ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ በክልሉ ውኃ ቢሮ ስለ ጉድጓድ ጥልቀት ስትጽፍ ትውላለች፤ ቅዳሜ ሲደርስ በባጃጅ ከሰመራ ሎጊያ ወርዳ፣ የምታወጣው ዕጣ እንዳይታይ ከፊቷ ካርቶን አቁማ፣ ሦስቱን ጓደኞቿን በረሃ ለበረሃ ታንከራትታቸዋለች። ምስክር ኮከብ ቆጣሪውን ይሆናል፤ ነርሷ እድላዊት ቁስል ጠጋኟን፤ አማን ሙራድን።

ከጨዋታው ይልቅ ክርክራቸው ይረዝም ነበር። ምስክር የተጻፈ ሕግ ከተነካ ደሙ ይፈላል። የወጣው ቁጥር ካልተከበረ ጀግንነት የሚባል ነገር የለም፣ ይላል። ፋሪሃ ደግሞ ሕጉ ለታሪኩ እንጂ ታሪኩ ለሕጉ አልተፈጠረም ባይ ናት። አማን ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ግን ፋሪሃ መንገዱን ሁሉ ዘግታ ወደ አንድ ዋሻ ብቻ ስትነዳቸው ጊዜ፣ «ይኼ ጨዋታ አይደለም፤ ገላፊ ኬላ ላይ ተሰልፎ ማኅተም መጠበቅ ነው» ብሏት፣ ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ እሷ ብቻ ዓይኑን አየችው። ዓይኑ አይስቅም ነበር፤ እሷን እያየ ነበር። ፍቅራቸው የተጀመረው በዚያች ቅዳሜ ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ የቀረው መደበቁ ብቻ ነበር።

የሚደበቅበት ምክንያት አለው። ሐጂ መሀመድአሚን ከወሎ መጥተው በዚህ መስመር ላይ ሀብት ያፈሩ ሰው ናቸው፤ ዋናው ሆቴላቸው አዋሽ ሰባት ነው። የፋሪሃ እናት ሀጂራ በዚያ ሆቴል ኩሽና ወጥ እየሠራች ልጇን አሳድጋለች። ፋሪሃ ፊደል የቆጠረችው ከሆቴሉ ጓሮ፣ የአልጋ አንሶላ በሚሰጣበት ገመድ ሥር ነው። አማን ያን ጊዜ የባለቤቱ ልጅ ነበር፤ ዛሬም የባለቤቱ ልጅ ነው። ሐጂ የሎጊያውን ማረፊያ ቤት ለእሱ የሰጡት እንዲለማመድ ብለው ሲሆን፣ ሚስትም ደሴ ካሉ የጨርቅ ነጋዴ ቤት አስበውለታል እየተባለ ይወራ ነበር።

እንግዲህ ሙራድ ከገደል በተንጠለጠለባት ቅዳሜ ፋሪሃ እጇን ከካርቶኑ ጀርባ ጣሳው ውስጥ ከታ አንድ ቆርኪ አወጣች። አየችው። ቁጥሩ አንድ ነው።

ሙራድ ሊሞት ነው። አማን ክንዶቹን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ይጠብቃታል፤ ፊቱ ላይ ያለው ጉጉት የልጅ ጉጉት ነው።

«አሥራ ሰባት» አለች።

እድላዊት አጨበጨበች። ምስክር እንኳ ፈገግ አለ። በዚያው ቅጽበት አንድ ሹፌር በሩን በርግዶ ሲገባ ከደጅ የመጣው ትኩስ ነፋስ ካርቶኑን ገፍቶ ጣለው። ቆርኪው ጠረጴዛው ላይ ራቁቱን ቀረ። ፋሪሃ በመዳፏ ሸፈነችው፤ ግን ዘግይታለች። ሌሎቹ ወደ በሩ ዞረው ሳለ አማን ቆርኪውን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። ሙራድን ከገደሉ አወጣና ጨዋታውን ቀጠለ፤ ድምፁ ግን ድሮ የምታውቀው ድምፅ አልነበረም።

ጓደኞቻቸው ሲሄዱ እስከ ባጃጆቹ ድረስ ሸኛት።

«የወጣው አንድ ነበር» አላት።

«ታሪኩ እዚያ ላይ እንዲቆም አልፈለግኩም። ሙራድ ከሞተ የጨው በርን ማን ያያል?»

«ሰው ስለወደቀ ታሪኩ ለምን ይቆማል? ለመውደቁም መንገድ አብጂለት። ፈጣሪዋ አንቺ ነሽ።» ቀጥሎም፣ «ለምስክር እንዲህ አድርገሽለት ታውቂያለሽ?» ሲል ጠየቃት።

አላደረገችም። የምስክር ኮከብ ቆጣሪ ሁለት ጊዜ እግሩ ተሰብሯል፤ አንድ ጊዜ ዓይኑ ታውሯል።

«ለእኔ ብቻ ነው» አለ አማን። «መሸነፍ የማይችል ሰው አድርገሽ ነው የምታይኝ፣ ፋሪሃ።»

ስለምወድህ ነው ልትለው ፈለገች። ያም እውነት ነው። ሙሉው እውነት ግን እሱ እንዳለው ነበር። ሐጂ አንድ ቀን «አይሆንም» ሲሉ ይህ ለስላሳ ልጅ አንገቱን ደፍቶ እንደሚሄድ በልቧ ፈርዳበት ነበር። ይህ ፍርድ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ምክንያቱም ለማንም ሳትናገር ወደ ጭፍራ ለመዛወር አመልክታለች። የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይፈልጋል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ግን ያመለከተችው ለሥራው አልነበረም። አማን ከአባቱና ከእሷ አንዱን ሳይመርጥ እንዲቀር፣ ፍቅራቸው ማንንም ሳያስቀይም በርቀት እንዲሞት ብላ ነው።

ባጃጁ ወደ ሰመራ ሲነሳ ዞራ አየችው። በሩ ላይ ቆሟል፤ እጁን አላነሳም። ያን ቀን ፋሪሃ ሰውን በማዘን ማሳነስ እንደሚቻል አወቀች፤ ማወቋ ግን አላጽናናትም።

ዝውውሩ በቀጣዩ ሰኞ ተፈቀደ። ምስክር ቢሮ ለቢሮ ሲወራ ሰምቶ፣ የተደበቀ ነገር መሆኑን ሳያውቅ ለአማን ነገረው። አማን አልደወለላትም። ይባስ ብሎ ሐጂ ወደ አዋሽ ጠሩትና የሎጊያውን ሥራ ለሌላ ሰው አስረክቦ ሄደ። ከደሴው ነጋዴ ቤት ጋር የታሰበው ጋብቻ ቁርጥ ሊሆን ነው ተባለ። ቅዳሜ ሲመጣ የምግብ አዳራሹ ውስጥ ሹፌሮች ብቻ ነበሩ።

ሳምንቱ አልፎ ከአማን አንድ መልእክት በስልኳ ገባ። ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። «ስለ ሕጉ አንድ ጥያቄ አለኝ። መሪው ለተጫዋቹ ብሎ ቁጥሩን ከደበቀ፣ ተጫዋቹ ያሸነፈው ምንድን ነው?» ይላል።

ፋሪሃ ቀኑን ሙሉ ስታስብ ውላ፣ «ምንም አላሸነፈም። መሪዋም አላሸነፈችም» ብላ መለሰችለት።

«መሪዋ ጨዋታውን ትታ ወደ ጭፍራ ከሄደችስ?»

«ተሳስታለች።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተጻጻፉ፤ ስለ ፍቅር አንድም ቃል ሳያነሱ፣ ስለ ቆርኪና ስለ ካርቶን፣ ተጫዋች ሲወድቅ መሪ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ስንት በር ያለው ታሪክ ጥሩ ታሪክ እንደሆነ። ያነበበው ሌላ ሰው ቢኖር ሁለት ሥራ ፈቶች ይጨቃጨቃሉ ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱን መልእክት ደጋግማ ታነበው ነበር። በመጨረሻ እሱ፣ «የጨው በር ገና አልተከፈተም። አዋሽ መጥተሽ ጨርሺው፤ እዚህ፣ በሰው ፊት» አላት። በሰው ፊት የሚለው ቃል ማን ፊት ማለት እንደሆነ ገባት። ፈራች። ፍርሃቷ ውስጥ ግን አንድ የማታውቀው ደስታ ነበረበት።

ምስክርና እድላዊት ለበዓል ወደ አዲስ አበባ የሚወጡበት ሰሞን ስለነበር መንገዱ አንድ ሆነ። ሚሌንና ገዋኔን አልፈው ከቀትር በፊት አዋሽ ሰባት ሲደርሱ ፋሪሃ በዋናው በር ሳይሆን፣ እንደ ልጅነቷ ዞራ በኩሽናው በኩል ገባች። እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። አቅፋ ሳመቻትና ሁሉንም ነገረቻት፤ ጭፍራን፣ አማንን፣ ቆርኪውን ሳይቀር። ሀጂራ ቢላዋዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«እኔ እዚህ ቤት ሠርቼ ነው የበላሁት» አለቻት ሲያልቅ። «አንቺ የምታፍሪበት ነገር የለም። አሁን ውጪና በፊት ለፊቱ በር ግቢ።»

ፋሪሃ ወጥታ፣ ሕንጻውን ዞራ፣ በፊት ለፊቱ በር ገባች። አንገቷ ቀና ብሎ ነበር።

ግቢው መሐል ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል። አማን ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ። ከስቷል። ሰላምታቸው የእጅ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም እድላዊት አይታ ፊቷን አዞረች። ጨዋታው ሲጀመር ምሳ የበሉ ሹፌሮች አንድ ሁለት እያሉ ተጠጉ። ቆየት ብለው ሐጂ ራሳቸው ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ መጡ።

«ምንድን ነው ይኼ? ቁማር ነው?» ብለው ጠየቁ።

አማን ምንም ገንዘብ እንደማይያዝበት፣ ተረት እንደመናገር ያለ ነገር እንደሆነ አስረዳቸው። ሐጂ ጣሳውን ተቀብለው ቆርኪዎቹን አዩ፣ ጣሳውን አሸተቱት፣ መለሱት። አልሄዱም ግን። ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ።

ፋሪሃ ታሪኩን መምራት ጀመረች። ሲራራው የጨው በር ደርሷል። ጂኒዎቹ ሠራዊት ሆነው ከኋላ እየመጡ ነው። በሩ እንደ ተራራ ከባድ ነው፤ አንድ ሰው ወደ ላይ ሊያነሳው ካልቻለ ሕዝቡ በሙሉ ያልቃል። ድምፏ መጀመሪያ ላይ ይሰበር ነበር፤ ኋላ ሹፌሮቹ ጸጥ ሲሉላት እየጠነከረ ሄደ። ምስክር በሩ ላይ የተጻፈውን አነበበ፤ እድላዊት የደከሙትን ደገፈች። በመጨረሻ ሙራድ ወደ በሩ ቀረበ።

ፋሪሃ ካርቶኑን ከፊቷ አንስታ ከጠረጴዛው ሥር ጣለችው።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣው ሁሉ በሁላችን ፊት ይወጣል» አለች። ጣሳውን ወደ አማን ገፋችለት። «አንተው አውጣው። በሩን ለማንሳት ከአሥራ አምስት በላይ ያስፈልግሃል።»

አማን እጁን ከተተ። አንድ ሹፌር «ቢስሚላህ በል» አለው፤ ቢስሚላህ አለ። ቆርኪውን አውጥቶ ለሁሉም አሳየው። ሦስት ቁጥር ነው።

ግቢው ውስጥ የሚሰማው የአንድ መኪና ሞተር ብቻ ሆነ። ሐጂ ወደ ምስክር ዘንበል ብለው ሦስት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ምስክር፣ መውደቅ ነው አላቸው። ሐጂ ወደ ልጃቸው አዩ። ፋሪሃም አየችው። አፏ ላይ አንድ ቃል መጥቶ ነበር፤ ድጋሚ አውጣ የሚል። ዋጠችው።

«በሩ አልተነሳም» አለች በጸና ድምፅ። «ሙራድ ጉልበቱ ከድቶታል። በሩ እየተጫነው ነው። ሙራድ ሲወድቅ ምን ያደርጋል?»

አማን ቆርኪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሳቀ። ከልቡ ነበር የሳቀው።

«ከበሩ ሥር ነው የሚወድቀው» አለ። «ጀርባውን አግብቶ። እስኪያደቅቀው ድረስ ክፍተት ይኖራል፤ በዚያች ክፍተት ሰዎቹ ይለፉ።»

ፋሪሃ ወደ ምስክር ዞረች። ያ ሕግ አጥባቂ ሰው ወረቀቶቹን ማገላበጥ ሲጀምር ሹፌሮቹ ትዕግሥታቸው አለቀ፤ አንዱ፣ ሰው ነፍሱን ከሰጠ ምን ሕግ ያስፈልገዋል ብሎ ተቆጣ። ምስክር ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ ቀና አለ። ራሱን ለባልንጀሮቹ የሚሰጥ ሰው ቁጥር አይጠየቅም፣ ይላል ሕጉ።

ሲራራው አለፈ። ፋሪሃ አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው፤ አሮጊቶቹን፣ ሕፃናቱን፣ ግመሎቹን፣ ቁስል ጠጋኟን፣ በመጨረሻም ኮከብ ቆጣሪውን። ከዚያ የከተማይቱን ውኃ ድምፅ አሰማቻቸው። በሩ ተዘጋ፤ ጂኒዎቹ ውጭ ቀሩ፤ ሙራድም ከበሩ ሥር ቀረ። ስትጨርስ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። እድላዊት እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ጭብጨባው ሳይበርድ አማን ወደ አባቱ ዞረ። ፋሪሃ ሊናገር መሆኑን ከትከሻው አወቀች። ልታቋርጠው፣ ነገሩን ልታለሳልስለት፣ እኛ እንሂድ ልትል ዳዳት። እጇን ጭኗ ላይ ጨብጣ ዝም አለች። በሕይወቷ እንደዚያች ዝምታ የከበዳት ነገር አልነበረም።

«አባባ፣ የደሴዎቹን ሰዎች ከእንግዲህ አያስቸግሯቸው» አለ አማን። «የምፈልጋት ፋሪሃን ነው። እምቢ ቢሉኝ ቤትዎን ጥዬ አልሄድም፤ እሷንም አልተዋትም። እዚሁ ሆኜ ነገም እጠይቅዎታለሁ።»

ሹፌሮቹ መሬት መሬት አዩ። ሐጂ ለረጅም ጊዜ ልጃቸውን ተመለከቱ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«አንቺስ፣ ልጄ?»

«እኔም እፈልገዋለሁ፣ ሐጂ» አለች ፋሪሃ። «ወደ ጭፍራ ልሄድ ነው። ያመለከትኩት ልሸሸው ብዬ ነበር። አሁን የምሄደው ልሠራ ነው፤ እሱንም ይዤ ነው የምኖረው።»

የዐሱር ሶላት አዛን ተሰማ፤ ሐጂ ተነስተው ወደ መስጊድ ሄዱ። አማንም ተከትሏቸው ሄደ፤ አባትና ልጅ ጎን ለጎን፣ ሳይነጋገሩ። ፋሪሃ ኒሙ ሥር ቀረች። የሚመጣውን አታውቅም ነበር፤ ነገር ግን መልሱ ምንም ይሁን ምን ከተናገረችው ቃል አንዱንም መልሳ ልትውጥ እንደማትፈልግ ታውቅ ነበር። ያ ብቻውን ደረቷን ሞላው።

ሲመለሱ ሐጂ ወደ ጠረጴዛው አልመጡም። በቀጥታ ወደ ኩሽናው ሄዱ። ሀጂራ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ጨዋታውን ሁሉ ከዚያ ሆና አይታዋለች። ሐጂ ከደጃፉ ውጭ ቆሙ። ይህችን ሴት ወጥ ሲያዟት፣ ጨው በዛ ሲሏት፣ ደመወዟን ሲከፍሏት በኖሩባቸው ዓመታት ሁሉ የሚጠሯት «አንቺ» ብለው ነበር።

«ወይዘሮ ሀጂራ» አሉ፤ ሁሉም ሰማ። «ይህን ልጅ ሲሸነፍ ሲሸሽ ነበር የማውቀው። ዛሬ በሰው ፊት ተሸንፎ ሲስቅ አየሁት። ይህን ያስተማረችው የእርስዎ ልጅ ናት። ሽማግሌ ብልክ ይቀበሉኛል?»

ሀጂራ ሽርጧን ፈታች። ቀስ ብላ አጣጠፈችው። ልጇን አየች፤ ከዚያ ሐጂን በቀጥታ ዓይናቸውን አየቻቸው።

«ይላኩ» አለች። «የምቀበላቸው ግን በቤቴ ነው፤ እዚህ አይደለም። ጠይቀውኝ አስቤበት እመልሳለሁ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ ሐጂ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ የነሷት ያን ጊዜ ነበር።

ዛሬ ሌላ ሰው ያብስል ተባለ። ሀጂራ በዚያ ሆቴል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንግዶች ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ኒሙ ሥር፣ ከልጇ ጎን። ምግቡ ሲቀርብ አማን ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ይዞ መጣ። ጎንበስ ብሎ የሀጂራን እጅ አስታጠበ። ሀጂራ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ታጠበች፤ እሱም ሳይቸኩል ያፈስላት ነበር። ፋሪሃ ውኃው ከእናቷ መዳፍ ላይ ሲወርድ ታያለች። ስንት ዓመት ሙሉ ዝቅ ብሎ የኖረ አንድ ነገር በውስጧ ቀጥ ብሎ ሲቆም ተሰማት፤ ሳቋን መያዝ አቃታትና ጮክ ብላ ሳቀች።